ሰነፍ አልሆነም

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? እማማስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብረ ብርሃንም ከነብርዷ አለች።

ከተጠፋፋን ዓመታት አለፉ። ሰሞኑን አንድ የአገራችን ልጅ መንገድ ላይ አገኘኝና የታናሽ ወንድምህን ነገር አጫወተኝ። ጣርማበር ላይ መኪና ተገልብጦ ጭንቅላቱን መመታቱን፣ ከሆስፒታል ወጥቶ ደብረ ሲና እናንተ ጋ መሆኑን ሰማሁ። እግዜር ይማረው። ልጁ ቀጠለና «መትረፉንስ ተረፈ፤ ግን ሰነፍ ሆኗል አሉ፤ ሲጎለት ይውላል» አለኝ። ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሰምተህ እንደሆነ አላውቅም፣ አሁን ሥራዬ አንጎላቸው የተጎዳ ሰዎችን የዕለት ኑሮ ማለማመድ ነው። ቤታቸው እሄዳለሁ። ሱቅ ሄዶ መልስ ቆጥሮ መቀበል፣ ባጃጅ ተሳፍሮ መውረጃን አለመርሳት፣ ይህን የመሰለውን አብረን እንደገና እንማራለን።

ወንድምህ ሰነፍ አልሆነም። ከግንባራችን ኋላ ያለው የአንጎል ክፍል ለማቀድ፣ ስሜትን ለመግታት፣ አንድን ነገር ለመጀመር ያስፈልጋል። እሱ ሲጎዳ ሰውየው ሥራውን ያውቀዋል፣ እጁም ይታዘዛል፤ መነሳቱ ነው የሚያቅተው። ቁስሉ ስለማይታይ ቤተሰብ ይቆጣል። ቁጣው ደግሞ ያባብስበታል።

እ.ኤ.አ. በ1848 አሜሪካ ውስጥ ፊኒያስ ጌጅ የሚባል የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበር። ባሩድ ሲፈነዳ የብረት ዘንግ ጉንጩ ሥር ገብቶ በአናቱ ወጣ። ከሞት ቢተርፍም ወዳጆቹ «የድሮው ሰው አይደለም» አሉ። ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። እኔ ግን ለቤተሰቦች የምነግረው ቀጥሎ ያለውን ነው። ጌጅ በኋላ ቺሊ ሄዶ ለዓመታት የፈረስ ሠረገላ ነድቷል። በየቀኑ ያው ሥራ፣ በዚያው ቅደም ተከተል መሆኑ ሳይረዳው አልቀረም የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ።

እኔም በዓይኔ ያየሁት ይህንኑ ነው። እዚህ አንዲት እናት ቡና ማፍላት አቅቷቸው ነበር። መቁላቱንም መውቀጡንም ያውቁታል። ግን ቆልተው ይነሱና ሌላ ነገር ይጀምራሉ፤ ጀበናው እሳት ላይ ይረሳል። ልጆቻቸው ፈርተው ከሰል እንዳይነኩ ከለከሏቸው። እኛ ግን ሥራውን በትንንሹ ከፋፈልነው። ዕቃውን በሙሉ ቀድመን ደረደርን፤ ቅደም ተከተሉን በሥዕል አድርገን ግድግዳ ላይ ለጠፍን። ልጃቸው አጠገባቸው ትቀመጣለች፤ ሳይሳሳቱ በፊት ቀጣዩን ትጠቁማለች እንጂ «እስቲ አስታውሺ» አትልም። ስህተትም ሲደጋገም ይለመዳልና። ቀስ በቀስ ጥቆማው እየቀነሰ ሄደ። አሁን ጎረቤት ጠርተው ያጠጣሉ። አቦሉን ሲቀዱልኝ የተሰማኝን ደስታ እንዴት ብዬ ልጻፍልህ!

ስለዚህ ወንድምህን «ለምን አትነሳም?» አትበሉት። ሰዓት ወስናችሁ፣ ጫማውን አቅርባችሁ፣ «በል አሁን ጫማህን አድርግ» በሉት። ጥየቃ የሚመጣ ሰው ሁሉ «አወቅከኝ?» እያለ አይፈትነው፤ ስሙን ራሱ ይናገር። በአንድ ጊዜም ቤት አትሙሉበት፤ ጫጫታ ቶሎ ያደክመዋል። «ለብርዱ» እየተባለ አረቄ የሚቀዳለት ካለም አደራህን አስቁምልኝ፤ ለተጎዳ አንጎል መጥፎ ነው፤ የሚጥል ሕመምም ሊያስነሳ ይችላል። ድንገት ቢጥለው በጎኑ አስተኙት፤ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፤ ክብሪት ማሽተቱም አይጠቅምም። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ሆስፒታል ውሰዱት። ጠበል ከሄደም መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፤ ከሐኪም ሳይማከር እንዳያቋርጥ።

አንተም አይዞህ። የምታውቀው ወንድምህ እያለ የናፈቀህ እንደሆነ ይገባኛል። ብዙ ቤት ያየሁት ሐዘን ነው፤ ልቅሶ ስለማይቀመጡለት ማንም አያጽናናበትም።

በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ እመጣለሁ። እስከዚያ የሌሊት እንቅልፉን አስተውልልኝ። ከአደጋው በፊት ምን መሥራት ይወድ እንደነበር እማማን ጠይቀህ ደውልልኝ፤ ከእሱ ነው የምንጀምረው።

ወንድምህ
ከደብረ ብርሃን