እማዬ፣ እንቁጣጣሽን አትጠብቂ

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው?

ቅዳሜ በስልክ ያልሽኝ ነገር ከጆሮዬ አልወጣም። "ፍልሰታም ተፈታ፣ ከእንቁጣጣሽ ጀምሮ ሁሉንም አስተካክላለሁ" አልሽ። የግፊት ኪኒኑን ሳላዛንፍ፣ ጠዋት ጠዋት በእግሬ፣ ጨውም እቀንሳለሁ፣ ቡናም ያለ ስኳር። አራቱንም በአንድ ቀን። በስልክ ብመልስልሽ "እሺ እሺ" ብለሽ ስለምታልፊኝ ነው የጻፍኩልሽ።

እማዬ፣ እኔም ስንት ዓመት እንደዚሁ ነበርኩ። አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከገባሁ ጀምሮ እንቁጣጣሽ በመጣ ቁጥር "ዘንድሮ 15 ኪሎ እቀንሳለሁ" እል ነበር። ጂም እመዘገባለሁ፣ መስከረምን በደንብ እሄዳለሁ፣ ጥቅምት ላይ እቀራለሁ። ገንዘቡ በየወሩ ከካርዴ ይቆረጣል። ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ ደም ተመርምሬ "ስኳርሽ ድንበር ላይ ነው" ተባልኩ። አልነገርኩሽም፣ እንዳትጨነቂብኝ ብዬ ነው፣ ይቅር በይኝ። ያን ቀን መኪና ውስጥ ተቀምጬ ዓይኔ ላይ የመጣው የአያቴ እግር ነው። ቁስሉን ስታጥቢላት አጠገብሽ ቆሜ ፋሻ የማቀብልሽ እኔ ነበርኩ።

ያየችኝ ነርስ ስለ ኪሎ አላወራችኝም። "ማታ እራት ከበላሽ በኋላ ምን ታደርጊያለሽ?" አለችኝ። ሶፋ ላይ እቀመጣለሁ አልኳት። "ከመቀመጥሽ በፊት 10 ደቂቃ ተራመጂ፣ ሌላ ምንም አትጨምሪ" አለች። እዚህ አሜሪካ እንደኔ ድንበር ላይ ያሉ ከ3,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት እንዳለም ነገረችኝ። ውጤቱ የወጣው በ2002 ነው፣ በፈረንጆቹ። በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስና ከክብደታቸው 7 በመቶ ለመቀነስ ግብ ይዘው የሠሩት በስኳር የመያዝ አደጋቸው በ58 በመቶ ቀንሷል። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ኪኒን ከሚውጡትም በለጡ።

ጫማዬን ከበሩ አንስቼ የእራት ወንበሬ ስር አደረግኩት። በልቼ ስጨርስ እግሬ ይነካዋል። ሌላ ዘዴ የለኝም እማዬ፣ ይቺው ናት። የፓርኪንጉን ዙሪያ እዞራለሁ፣ በረዶ ሲጥል ኮሪደሩ ላይ እመላለሳለሁ። አስሩ ደቂቃ ሳላስበው ሃያ ሆነ፣ ከዚያ ሠላሳ። እራቴን ማሳነስ የጀመርኩት እንኳ ሆዴ ከብዶኝ መራመድ ስላቃተኝ ነው። ባለፈው ወር ስለካ የሦስት ወሩ አማካይ ስኳሬ ከ6.1 በመቶ ወደ 5.6 በመቶ ወርዷል። 9 ኪሎም ቀንሻለሁ።

ሎንዶን ውስጥ ደግሞ 96 ሰዎችን ተከታትለው አንድ ነገር እስኪለመድ ስንት ቀን እንደሚፈጅ አጥንተዋል። በአማካይ 66 ቀን ነው። አንዳንዱ በ18 ቀን ለመደ፣ ሌላው 254 ቀን ድረስ ሊፈጅበት እንደሚችል ገምተዋል። አንድ ቀን መዝለል ነገሩን እንደማያበላሸውም አይተዋል። ይሄን ሳነብ ወዲያው ያሰብኩት ያንቺን ሁዳዴ ነው። 55 ቀን! አንድም ቀን ሲከብድሽ አላየሁም። ለምን? ዛሬ ልጹም ወይስ ልተው ብለሽ ጠዋት አትማከሪማ። ሰዓቱ የታወቀ ነው፣ ሽሮው የታወቀ ነው፣ ጎረቤቱ ሁሉ አብሮሽ ይጾማል። ልዩነቱ ለጾሙ ፋሲካ አለው፣ ለግፊት ግን ፋሲካ የለውም። ስለዚህ የምትጀምሪው ነገር ዕድሜ ልክ የማይከብድሽ ትንሽ ነገር ይሁን።

አንድ ብቻ እንምረጥ። ኪኒኑን። ራስሽን ሳያምሽ ሲቀር "ዛሬ ደህና ነኝ" ብለሽ እንደምትዘልይው አውቃለሁ። ግፊት እኮ ሳያምም ነው የሚጎዳው እማዬ፣ በጣም የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ያቺ የአስር ሰዓት ቡናሽ ጾም ፍስክ አታውቅም አይደል? ኪኒኑን ከመሳቢያው አውጪና ረከቦቱ ላይ፣ ሲኒዎቹ መሃል አስቀምጪው። በአስር ሰዓት መዋጥ ይቻል እንደሆነ መጀመሪያ ሐኪምሽን ጠይቂልኝ። ይቻላል ካለሽ አቦሉን ከመቅዳትሽ በፊት በውሃ ትውጫለሽ። አብራሽ ለምትጠጣው ጎረቤታችንም ንገሪያት፣ "ዋጥሽ?" ትበልሽ። አንድ ቀን ብትረሺ ድርብ እንዳትውጪ፣ ተበላሸ ብለሽም እንዳትተዪው፣ በማግስቱ ቀጥዪ።

ጨውና ስኳሩ ይቆይ። እሁድ ስደውል የምጠይቅሽ ስለ ኪኒኑ ብቻ ነው።

ከሚመጣ ሰው ጋር የእግር ጉዞ ጫማ ልኬልሻለሁ፣ ቁጥሩ 38 ነው፣ ሰፋ ያለ ነው፣ አውራ ጣትሽን አይነካብሽም። ለአሁኑ ከነካርቶኑ አልጋሽ ስር ይቀመጥ። ለህዳር ሚካኤል እናወጣዋለን።

ልጅሽ