ከሁለተኛ ደረጃው በኋላ ሣሩ ይታሰብበት

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባሕር ዳር ከነማ በ2015 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ሲጨርስ ከተማችን እጅግ ኮርታለች፤ ይገባታልም። በ2010 ወደ ሊጉ ያደገ ቡድን በአምስት ዓመት ውስጥ በአሠልጣኝ ደግአረገ ይግዛው እየተመራ ለካፍ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ በቃ። የታንዛኒያውን አዛም ጥሎ አለፈ፤ በቱኒዚያው ክለብ አፍሪካ ተገታ። የጣና ሞገዶቹ የሚባለው ቡድናችን ተጫዋቾች በዚያ ውድድር የሜዳቸውን ጨዋታ ያደረጉት ግን አዲስ አበባ ነው። ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ በኅዳር 2012 ኮትዲቯርን 2 ለ 1፣ በመጋቢት 2013 ማዳጋስካርን 4 ለ 0 የረቱበትን የባሕር ዳር ስታዲየም ካፍ በ2014 አግዶት ነበር።

የስታዲየሙ ግንባታ ነገር ብዙ ገንዘብና ጊዜ ይጠይቃል። የሣሩ እንክብካቤ ግን በከተማው አቅም የሚሠራ ነው፤ የምንጽፈውም ስለዚሁ ነው።

የ2015 ውድድር መስከረም ላይ እዚሁ ሲጀመር 16 ክለቦች በአንድ ሜዳ ተራ በተራ ተጫወቱ። ይህ በሳምንት ስምንት ጨዋታ ማለት ነው፤ ያውም ክረምቱ ገና እንደወጣ። ውኃ የጠገበ ሸክላማ አፈር በታኬታ ሲረገጥ አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ ይደፈናል። ሥሩ ወደ ታች መውረድ ያቅተዋል፤ በጋ ሲገባ ሣሩ እንደ ምንጣፍ ተላጦ ይነሣል። ይህን ማዳበሪያ አያድነውም።

መድኃኒቱ አፈሩን መብሳት ነው። ባዶ ቱቦ ባለው መብሻ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠልቆ አፈሩን መዝዞ ማውጣት ያስፈልጋል፤ በሹል ብረት ብቻ መውጋት ጎኑን ይበልጥ ይጠቀጥቀዋል። ጊዜው ሣሩ ማደግ የሚጀምርበት ግንቦት መጨረሻና ሰኔ መግቢያ ነው። አፈሩን በእጅ ጨብጦ ማየት ይበቃል፦ ተድቦልቡሎ በጣት ሲነካ ከፈረሰ ይበሳ፣ እንደ ሊጥ ከተጣበቀ ይቆይ።

ቀጥሎ አሸዋ ይበተናል። 105 በ68 ሜትር ሜዳ 7,140 ካሬ ሜትር ነው፤ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ለማልበስ 36 ሜትር ኩብ ገደማ ይፈጃል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ርካሽ ነው ተብሎ ደለል የበዛበት አሸዋ ይመጣና የተበሳውን መልሶ ይደፍነዋል። በሃይላንድ ጠርሙስ ሲሶ ያህል አሸዋ ጨምሮ፣ ውኃ ሞልቶ፣ ነቅንቆ ማሳደር ነው። ጠዋት ከላይ ወፍራም የጭቃ ንጣፍ ከተኛ አሸዋው ይመለስ።

ዩሪያ በአንድ ጊዜ ከ60 ኪሎ ግራም ብዙም አይለፍ፤ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ አጥቦ ጣና ከሚከተው ከፋፍሎ መስጠት ይሻላል። ለሐይቁ ስንል ደግሞ ዝናብ ባንዣበበበት ቀን ጨርሶ አይበተን።

ለዚህ አካባቢ የሚስማማው የሰርዶ ዝርያ ነው፤ እየተሳበ ራሱን ይጠግናል፣ ጥላ ግን አይችልም። ቁመቱ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። በአንድ አጨዳ ከሲሶው በላይ አይነሣ። ጫፉ ተተልትሎ ከነጣ የማጨጃው ምላጭ ዶልዱሟል ማለት ነው።

በበጋ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ውኃ ይፈልጋል ቢባል ወደ 36,000 ሊትር ነው፤ ሦስት ተኩል ባለ 10,000 ሊትር ቦቴ። ከንጋት በፊት ይጠጣ። በየቀኑ ላዩን ከማርጠብ በሁለት ቀን አንዴ የሁለቱን ቀን አጥግቦ መስጠት ሥሩን ወደ ታች ይስበዋል።

ቶሎ የሚራቆተው የግብ ክልሉ ነው። ልምምድ በተንቀሳቃሽ ግብ ይሁን፤ ቦታውም ይቀያየር። ከስታዲየሙ ውጭ ትንሽ የሰርዶ መደብ ቢኖር የተላጠውን በዚያው ሳምንት መተካት ይቻላል።

የከተማ አስተዳደሩን የምንለምነው ለሜዳው በጀት ብቻ እንዲይዝ አይደለም፤ በሳምንት ስንት ጨዋታ እንደሚፈቀድ የሚወስን፣ ዝናብ ሲያይል ጨዋታ የማስተላለፍ ሥልጣን ያለው አንድ የሣር ባለሙያ በቋሚነት ይቅጠር። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርና እና የስፖርት መምህራንም አፈሩን መርምረው ቢያግዙት ሥራው ከመጪው ግንቦት መጀመር ይችላል።

በሜዳ ሣር እንክብካቤ የተሰማራን ባለሙያዎች
ባሕር ዳር