ከጥሪው በፊት ጨዋታው ይቅደም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስፔድስ ስለሚባለው፣ አራት ሰው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ስለሚጫወተው የካርታ ጨዋታ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደብረ ማርቆስ ያለን የካርታ ተጫዋቾች አንብበነዋል። ሕጎቹ ትክክል ናቸው። ቅር ያለን ቅደም ተከተሉ ነው። ዙር ማለት አራቱ ተጫዋቾች አንድ አንድ ካርታ የሚጥሉበት ነው፤ ያሸነፈው ዙሩን በላ ይባላል። ጥሪ ደግሞ ስንት ዙር እንደሚበሉ አስቀድሞ መናገር ነው። ጽሑፉ ጀማሪውን ገና አንድ ካርታ ሳይጥል «ስንት ዙር ትበላለህ? ጥራ» ይለዋል። እንዲህ የጀመረ ሰው ቶሎ ይሰለቻል፤ ዙር በምን እንደሚበላ፣ በምንስ እንደሚነጠቅ ዓይኑ ሳያይ የጠራው ቁጥር ግምት እንኳ አይባልምና።

ትምህርቱ ከዚህ ቢጀምር ይሻላል። ሁለቱ ጆከሮች ይወጡና 52 ካርታ ይቀራል። አራት ሰው ይቀመጣል፤ ፊት ለፊት የተቀመጡት አጋሮች ናቸው። ካርታው ተበውዞ አንድ አንድ እየተባለ ለእያንዳንዱ 13 ይታደላል። ከአዳዩ በስተግራ ያለው አንድ ካርታ ይጥላል፣ ሌሎቹም ወደ ግራ በየተራቸው። መጀመሪያ የተጣለውን ዓይነት (ስፔድ፣ ልብ፣ አበባ ወይም ዳይመንድ) የያዘ ሰው ያንኑ መጣል ግዴታው ነው፤ የሌለው የፈለገውን ይጥላል። ከአራቱ መካከል ስፔድ ካለ ትልቁ ስፔድ ይበላል፤ ከሌለ መጀመሪያ ከተጣለው ዓይነት ትልቁ። አስ ከሁሉ ይበልጣል፣ 2 ከሁሉ ያንሳል። የበላው ቀጣዩን ዙር ይከፍታል። ይሁንና አንድ ሰው ዙሩ የተከፈተበት ዓይነት አልቆበት በስፔድ እስኪቆርጥ፣ ማለትም ስፔድ እስኪጥልበት ድረስ በስፔድ ዙር መክፈት አይቻልም፤ እጁ ላይ ስፔድ ብቻ የቀረው ከሆነ ግን ይከፍታል።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት እደላዎች ካርታው ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ፣ ማንም ምንም ሳይጠራ ተጫወቱ። የዳይመንድ ንጉሥ በስፔድ 3 ሲበላ ጀማሪው ምክንያቱን ራሱ ያየዋል። ከዚያ ሦስት አራት እደላ ካርታው ተይዞ ይሁን። ቀጥሎ እያንዳንዱ ጨዋታው ሳይጀመር የሚበላውን ዙር ብዛት በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ይገልብጥ፤ መጨረሻ ላይ ከበላው ጋር ያስተያየው። ነጥብ አይያዝ። ቁጥሩ በአንድ ብቻ መዛነፍ ሲጀምር ያኔ ጥሪው ይግባ።

እኛ አገር ያለው ጀማሪ ከባዶ እንደማይነሳም አስቡ። ክሬዚና ኮንከር የሚባሉትን የካርታ ጨዋታዎች ይዞ ነው የሚመጣው። ክሬዚ የለመደ እጅ 7 ልብ ሲጣል 7 አበባ ይጥላል፤ ቁጥሩ ተመሳሰለ ብሎ። ስፔድስ ውስጥ የቁጥር መመሳሰል ምንም ዋጋ የለውም፣ ይህ ቀድሞ ይነገረው። ኮንከር የለመደው ደግሞ ካርታውን በተከታታይ ቁጥር ይደረድራል። እዚህ መደርደር ያለበት በዓይነት ነው፤ ጥቁርና ቀይ እያፈራረቀ፦ ስፔድ፣ ልብ፣ አበባ፣ ዳይመንድ። ልብና ዳይመንድ ጎን ለጎን ከተያዙ በጭላንጭል መብራት ይምታታሉ፤ «የለኝም» ብሎ በስፔድ ከቆረጠ በኋላ ልብ ከእጁ የሚገኝበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ አጭበርባሪ አይደለም፣ አደራደሩ ነው ያሳሳተው። ቅጣቱን ግን ሳትጀምሩ ተስማሙ፤ በብዙ ቦታ የሚሠራበት ከጥፋተኛው ጥንድ 3 ዙር መቀነስ ነው።

በክረምት ሌላ ችግር አለ። የወረቀት ካርታ እርጥበት ሲይዝ ሁለቱ ተጣብቀው አብረው ይወጣሉ፤ አንዱ 14፣ ሌላው 12 ይይዛል። ካርታው ከመታየቱ በፊት ሁሉም ተገልብጦ እያለ ይቁጠር። 13 ካልሞላ እንደገና ይታደል። ፕላስቲኩ ይሻላል።

ወደ ጥሪው ስንመጣ፣ አንድ እጅ፣ ማለትም ለአንድ ሰው የደረሱትን 13 ካርታዎች እንቁጠር። ስፔድ፦ ንጉሥ፣ 9፣ 6፣ 3። ልብ፦ አስ፣ ንጉሥ፣ 7፣ 4። አበባ፦ 10 ብቻ። ዳይመንድ፦ ንግሥት፣ 8፣ 5፣ 2። የልብ አስ አንድ ዙር ነው። ልብ በእጃችን 4 ስለሆነ በሦስቱ ሰዎች እጅ 9 አለ፤ ስለዚህ ንጉሡም በሁለተኛው ዙር ሳይቆረጥ የማለፍ ዕድሉ ጥሩ ነው፣ ሁለት። የስፔድ ንጉሥ ሦስት ትንንሾች ስለሚጠብቁት አስ እስኪወጣ ይቆያል፣ ሦስት። አበባ በአንድ ዙር ያልቅብናል፤ ከዚያ በኋላ አበባ ሲጣል በትንሽ ስፔድ እንቆርጣለን፣ አራት። የዳይመንድ ንግሥት አትቆጠርም፤ አስና ንጉሥ ከላይዋ አሉ። ጥሪው 4 ነው። ልባችን 4 ሳይሆን 7 ቢሆን ኖሮ በሌሎቹ እጅ 6 ብቻ ስለሚቀር ንጉሡን አንቆጥረውም ነበር፤ በሁለተኛው ዙር አንዱ በስፔድ የመቁረጡ ዕድል ብዙ ነው። ጀማሪ ብዙ ልብ ሲያይ ደስ ይለውና ይጨምራል፤ መቀነስ ነበረበት።

እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ብቻ ይጠራል፣ የሁለቱ አጋሮች ጥሪ ይደመራል። 7 ጠርተው 8 ከበሉ 71 ነጥብ ነው፤ 6 ከበሉ ከነጥባቸው 70 ይቀነሳል። ትርፍ ዙር አንድ አንድ ነጥብ ትሰጣለች፣ 10 ስትሞላ ግን 100 ትወስዳለች። አንድም ዙር አልበላም ብሎ ዜሮ የጠራ ከተሳካለት 100 ያገኛል፣ ካልተሳካለት 100 ይከፍላል። 500 ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል። ሁልጊዜ ያሉት 13 ዙሮች ስለሆኑ የአራቱን ጥሪ ደምሩ፦ 12 ከሆነ ለእያንዳንዷ ዙር ትግል አለ፤ 9 ከሆነ አራት ዙር ባለቤት የለውም፣ እናንተም የጠራችሁትን ከበላችሁ በኋላ ትልልቆቹን ካርታዎች ከእነሱ በሚበልጥ ሥር እየጣላችሁ ማምለጥ አለባችሁ።

እዚህ ላይ ከእኛው ባህል የሚመጣ ስህተት አለ። ወጣቱ ከታላቁ ጋር ሲጣመር፣ ጋሼ 3 ካሉ እሱ 4 ማለት ድፍረት ይመስለዋል፤ 2 ብሎ ይቀመጣል። ከዚያ 4 ይበላል፣ ትርፉ ይጠራቀማል፣ ጥንዱ ሳያውቀው 100 ነጥብ ያጣል። ጥሪ ለአጋር የሚሰጥ መረጃ ነው፤ አሳንሶ መጥራት አጋርን ማሳሳት ነው። ታላላቆችም ይህን አስቀድመው ቢናገሩለት ልጁ ይፈታል። በሌላ በኩል «አስ አለኝ» ብሎ መናገር፣ ማሳል፣ ማጉረምረም ጨዋታውን ያበላሸዋል። የሚፈቀደው ቁጥር ብቻ ነው።

ስፔድስ የገባው ሰው ብሪጅ የሚባለው ሌላው የጥንድ ካርታ ጨዋታ አይከብደውም። እዚያ ጥሪው ጨረታ ነው፤ የሚቆርጠውንም ዓይነት የሚወስነው ጨረታው ነው፣ «1» ማለትም 7 ዙር ማለት ነው።

ካርታ ሁሉ ቁማር ነው የሚሉ አንባቢዎች እንዳሉ እናውቃለን። ገንዘብ ሳይያዝ፣ ነጥቡ በወረቀት ተጽፎ የሚደረግ ጨዋታ ቁማር አይደለም። ኒውዮርክ ታይምስ እንኳ እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ድረስ ለ80 ዓመታት ገደማ የብሪጅ ዓምድ ነበረው። እናንተም ከመስቀለኛ ቃላቱ ጎን በየሳምንቱ አንድ እጅ ብታወጡ፣ መልሱን ከነምክንያቱ በቀጣዩ እትም ብታትሙ፣ ጽሑፉን ያለ ክፍያ እናዘጋጃለን። ለመጀመሪያው ይኸው፦ ስፔድ 7፣ 3። ልብ 9፣ 6፣ 4፣ 2። አበባ ንግሥት፣ 8፣ 6፣ 2። ዳይመንድ 10፣ 5፣ 3። አጋርዎ 5 ጠርቷል። ዜሮ ይጠራሉ ወይስ 1?

ከአክብሮት ጋር፣
የካርታ ተጫዋቾች፣ ደብረ ማርቆስ