«የለም» ያላችሁት አገልግሎት አለ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ካህናት በሆስፒታልም ሆነ በሌላ ቦታ ሰው ወዳለበት ሄደው ስለሚሰጡት አገልግሎት ያወጣችሁትን ዘገባ ካነበብኩ ወዲህ ንዴቴ አልበረደልኝም። ሌላውን ልተወው። «በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ይህን አገልግሎት የጀመረ የለም» የምትለዋን ግን አላልፋትም። ማንን ጠይቃችሁ ነው?

ውጭ አገር አገልግሎቱ ቢሮና ደመወዝ አለው፤ እውነት ነው። በእንግሊዝ የመንግሥት ጤና አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1948 ሲቋቋም ጀምሮ ሆስፒታሎች ካህን ይመድባሉ። ዛሬ ኢማሞችም አብረው ይሠራሉ። እኛ ጋ ደመወዝ የለም። አገልጋዩ ግን አለ።

እናቴ ደሴ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች አንድ አባት መስቀላቸውን ይዘው ከአልጋ አልጋ ይዞሩ ነበር። አጠገቧ የተኙት ሙስሊም እናት «አባ፣ ለእኔም ዱዓ ያርጉልኝ» አሏቸው። ስብከት አልጀመሩም። ስማቸውን ጠየቁ። ግሉኮሱ ማለቁን አይተው ነርስ ጠሩ። ከዚያ ቆመው ጸለዩላቸው። ወሎ ውስጥ ይህ ብርቅ አይደለም፤ እናንተ ግን አላያችሁትም።

ማታ ሕመሙ ሲጠናባት እኚሁ አባት ተጠርተው መጡ። በር ላይ ቀሩ። ጥበቃው «የመጠየቂያ ሰዓት አልፏል፣ ወረቀት ያምጡ» አላቸው። ሲነጋ ሲገቡ እናቴ አንደበቷ ተይዞ ነበር። ንስሐዋን ሳትናገር አረፈች። ይህን ቁጭት ይዤ ነው «የለም» የሚል ዘገባ ያነበብኩት! የቸገረን ፈቃድ ነው።

ኮምቦልቻስ? ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከተንታው፣ ከወረኢሉው የመጡ ልጆች አንዲት ክፍል ተጋርተው ይኖራሉ። የንስሐ አባታቸው አገር ቤት ከቤተሰባቸው ጋር ናቸው። ሺፍት የገባች ልጅ ቅዳሴ አይደርስላትም። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችና ጥቂት ካህናት ከሥራ መውጫዋን ጠብቀው ቤቷ ድረስ ይሄዳሉ። ስለ ኪራዩ፣ ስለ አለቃዋ፣ ለእናቷ መላክ ስላቃታት ገንዘብ ስትናገር ቁጭ ብለው ይሰማሉ። ኑሮው እንዲህ ሲለወጥ ሰው ወዳለበት ቀድሞ የሄደ ሰው ጀማሪ ካልተባለ ማን ሊባል ነው?

እርማት አውጡ። ከዚያ የሆስፒታል ኃላፊዎችንና ሀገረ ስብከቱን ጠይቁልን፦ ለካህኑም ለሼሁም በሌሊት የሚያስገባ መታወቂያ ለምን አይሰጥም? የሚሰጡትን መልስም ዘገባው በወጣበት ገጽ አትሙት።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ