ሰንበት ሳይገባ

ልጄ፣ እንደምን ዋልክ? ከቤትህ ከወጣሁ ገና አንድ ቀኔ ነው፤ ግን አንድ ነገር ሆዴ ውስጥ አደረ። ደውዬ ልነግርህ ነበር፣ ተውኩት። በስልክ «እሺ አባ፣ እሺ አባ» ትለኝና ነገሩ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ጽፌ ፎቶውን በዋትስአፕ እልክልሃለሁ። ፊደሉ ከከበደህ እህትህ ታንብብልህ።

ነገሩ የዓርቡ ቀለም ቀቢ ነው።

ያ ኤርትራዊ ልጅ የሳሎንህን ኮርኒስ ጨርሶ ብሩሹን ሲያጥብ እኔ በረንዳ ላይ ቡና እጠጣ ነበር። ጥፍሩ ሥር ነጭ ቀለም ገብቷል። እጁን በሱሪው ጠራረገና በሩ ጋ ቆመ። የጫማውን ክር አሰረ፤ ፈታና እንደገና አሰረ። አንተ «ከሰንበት በኋላ በቢት እልክልሃለሁ፣ እሺ ወንድሜ?» አልከው፤ ቢት ያው በስልክ ገንዘብ የምትልኩበት ነው። «ችግር የለም» አለ። ይቺን «ችግር የለም» እኔ አውቃታለሁ። ስንት ዓመት ስላት ኖሬያለሁ።

ለምን አልከፈልከውም ብልህ «አባ፣ እሱ መች ጠየቀኝ?» አልከኝ። የሰንበት ሻማ ሊበራ ስለነበር ዝም ብዬ ወጣሁ።

የእኛ የቤተ እስራኤሎች መንደር አምቦበር ሳለን ቄሱ ኦሪቱን በግዕዝ ያነቡና በአማርኛ ይፈቱልን ነበር። ዘዳግም 24 ላይ፣ ድሃውን የቀን ሠራተኛ ወንድምህም ይሁን መጻተኛ ፀሐይ ሳትገባ ደመወዙን ስጠው የሚለው ጋ ሲደርሱ አባቴ ራሱን ይነቀንቃል። አያትህ ቀጥቃጭ ነበር። ማረሻ የሚሠራለት ሁሉ «እህል ሲገባ» ይለዋል። እህሉ ይገባል። ሊጠይቅ ሲሄድ አንዳንዱ «ቡዳ» ብሎ ይመልሰዋል። እኔም ብሆን ጎረምሳ ሆኜ በ1984 እ.ኤ.አ. በእግሬ ሱዳን ገብቼ ኡም ራኩባ የስደተኞች ሰፈር ስከርም መጻተኛ ነበርኩ። እዚህ እስራኤል ከመጣሁ በኋላ ደግሞ አንድ ተቋራጭ «ነገ፣ ነገ» እያለ የሁለት ወር ደመወዜን ያዘብኝ። አንተ ገና ትድህ ነበር። እናትህ ወተትህን በዱቤ ነው የገዛችው።

ዛሬ ጠዋት ቤት ክኔሴት፣ ጸሎት ቤቱ፣ ራቢውን ጠየቅኩት። መቼም እኛ ጎንደር ኦሪት እንጂ ታልሙድ፣ የሊቃውንቱ የሕግ ክርክር መጽሐፍ፣ አልነበረንም፤ በሽምግልናዬ ነው የምማረው። ባባ መጺዓ የሚባለውን ክፍል ከፈተልኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ሕጉ ላንተ ፈረደ። ሠራተኛው ካልጠየቀ አሠሪው ሕግ አልጣሰም ይላል። ተናደድኩ። ራቢው ሳቀና ገጹን ገለጠ።

እዚያው ታልሙዱ ይጠይቃል፦ ይህ ሰው መሰላል ላይ የወጣው፣ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለው፣ ነፍሱን ለሞት የሰጠው ለምንድን ነው? ለደመወዙ አይደለም? ይቺን ስሰማ ሰባተኛ ፎቅ ላይ፣ የሕንፃ መወጣጫ ላይ የቆምኩ መሰለኝ። እግሬ ተንቀጠቀጠ ብልህ አትስቅ።

ደግሞ አንድ ታሪክ ነገረኝ። አንድ ሊቅ የወይን ጠጅ የሚሸከሙለት ሰዎች በርሜሉን ሰበሩበት። እሱም ልብሳቸውን መያዣ ወሰደ። ራቭ ወደተባለው ትልቅ ሊቅ ሄደው ከሰሱ። ራቭ «ልብሳቸውን መልስ» አለው። «ሕጉ ነው ወይ?» አለ ሰውየው። «አዎ፣ በደጎች መንገድ ሂድ ተብሏል።» ተሸካሚዎቹ ቀጠሉ፦ «ድሆች ነን፣ ቀኑን ሙሉ ደከምን፣ ርቦናል፣ እጃችን ላይ ምንም የለም።» ራቭ «በል ክፈላቸው» አለው። ሰውየው አሁንም «ሕጉ ነው ወይ?» አለ። ራቭም አዎ አለው።

ልብ በል፣ በርሜሉን የሰበሩት እነሱ ናቸው። ያንተ ቀለም ቀቢ ግን ምንም አልሰበረም። አንድ ጠብታ ቀለም እንኳ ወለሉ ላይ አልጣለም፤ ጎንበስ ብዬ አይቻለሁ።

ዕብራይስጡ ደመወዝ ማዘግየትን «ሃላናት ሳኻር» ይለዋል። ደመወዝ ማሳደር ማለት ነው። በ1958 እ.ኤ.አ. የወጣው የእስራኤል የደመወዝ ጥበቃ ሕግም እስካሁን የሚጠቀመው በዚሁ ቃል ነው። አንተ ደግሞ ያሳደርከው ለአንድ ሌሊት ብቻ አይደለም። ከሰንበት በኋላ ስትለው ቅዳሜን ጨመርክበት። ቅዳሜ ላንተ ሰንበት ነው፤ ለእሱ የገበያ ቀኑ ነው። ሰንበትህን በእሱ ኪስ አከበርክ። ዓርብ ስልክህ እጅህ ላይ ነበር እኮ፤ ፀሐይዋም ገና አልገባችም።

አልጠየቀኝም ያልከኝን ደግሞ አስብበት። ወረቀቱን በየጊዜው የሚያሳድስ ሰው፣ ነገ ሌላ ሥራ ታገኝልኛለህ ብሎ የሚያስብ ሰው፣ እንዴት አድርጎ ይጠይቅህ? ጠይቆህ ነበር። የጫማውን ክር ሁለት ጊዜ ያሰረው ለዚያ ነው።

አሁን ሦስቱ ኮከቦች ወጥተዋል፣ ሰንበት አልቋል፤ ስልክህን ትከፍታለህ። መሰላሉ ደግሞ በረንዳህ ላይ ቀርቷል። የእሱ ነው። ነገ በጠዋት ሌላ ቤት እንደሚቀባ ሲነግርህ ሰምቻለሁ። መኪና ያለህ አንተ ነህ።

አባትህ