ደብዳቤ ለልጄ፦ ሞተሯ የማይነሳ መኪና ግዢልኝ

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እናትሽም እኔም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ለሰባኛ ዓመት ልደቴ ልትገዢልኝ ያሰብሽውን የእ.ኤ.አ. 1970 ሼቭሮሌት ሸቬል መኪና ፎቶግራፍ ከላክሽልኝ ወዲህ ሌሊት እየተነሳሁ አየዋለሁ፤ ቀይ ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ በኮፈኑ ላይ ሁለት ጥቁር መስመር ተስሎበታል፣ ከፊት ለፊቱም «ኤስ ኤስ» የሚል የሱፐር ስፖርት ምልክት አለው። ስላሰብሽልኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ የምጽፍልሽ ግን እንዳትገዢው ልለምንሽ ነው።

በመጀመሪያ የመካኒክ ምክንያቴን ልንገርሽ። በዚያ ዓመት ኤስ ኤስ ራሱን የቻለ ሞዴል ሳይሆን ገዢው ጨምሮ የሚያዘው ነገር ስለነበር፣ በሻንሲ ቁጥሩ ብቻ እውነተኛነቱን ማረጋገጥ አይቻልም። ማስረጃ የሚሆነው የፋብሪካው የመገጣጠሚያ ወረቀት ሲሆን፣ እሱም ከተረፈ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በሰርባትዮው፣ ማለትም በነዳጅ ታንኩ፣ አናት ላይ ነው። ባለ 454 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር የተገጠመለትና 450 የፈረስ ጉልበት አለው የተባለው ዓይነት ዛሬ በውድ ስለሚሸጥ፣ ማሊቡ በሚባለው ተራ ሸቬል ላይ ምልክት ለጥፎ ገበያ የሚያወጣው ሰው ብዙ ነው። ሻጩ ወረቀቱን ካላሳየሽ የምትገዢው ቀለሙን ነው።

የእኔዋም ተራ ማሊቡ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1985 አርሊንግተን ነዳጅ ማደያ ስሠራ በ1,100 ዶላር ገዛኋት፤ ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ እነዚህን ቤንዚን ጠጪዎች የሚፈልጋቸው ባይጠፋ ኖሮ በእኔ ደመወዝ የሚታሰቡ አልነበሩም። ሞተሯ 350 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 5.7 ሊትር፣ ባለስምንት ሲሊንደር ነበር። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ባለሁለት ጉሮሮ ካርቡራተሯን አውጥቼ፣ ከተጋጨ መኪና ሞተሩ ላይ ከሚቀመጥበት ብረት ጋር የነቀልኩትን ባለአራት ጉሮሮ ገጠምኩላት፤ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ስረግጠው ሁለቱ ትልልቅ የኋላ ጉሮሮዎች ተከፍተው የምታሰማውን ድምፅ እናትሽ ዛሬም እያስመሰለች ትስቅብኛለች።

ከሁሉ የሚናፍቀኝ ግን ቅዳሜ ማታ ነው። ለካንዴላዎቹ እሳት በሚያከፋፍለው በዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ጎን ወደ ላይ የምትከፈት ትንሽ የብረት መስኮት ነበረች። ሞተሩ ፔዳሉ ሳይረገጥ በሚኒሞ እየሠራ ቀጭን ባለስድስት ጎን ቁልፍ በመስኮቷ አስገባለሁ፤ የእሳት መቆራረጫውን ክፍተት የምታስተካክለውን ብሎን ሞተሩ መንተባተብ እስኪጀምር ድረስ ቀስ እያልኩ አጠብቅና ግማሽ ዙር ወደ ኋላ እመልሳለሁ። ያን ጊዜ ድምፁ ይስተካከላል፣ በአየር ማጣሪያው ክዳን ላይ ያስቀመጥኩት ካቻቢቴም መንቀጥቀጡን ይተዋል። ኮምፒዩተር የለ፣ መብራት የለ፣ በጆሮ ብቻ ነበር። ዛሬ መኪናሽ አጠገብ ስቆም አንገቴን አዘንብዬ የማዳምጠው በዚህ ልማድ ነውና አትሳቂብኝ።

በእርግጥ ነገሩን አላሳምርልሽም። በሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ባሉት ተራሮች ጫፍ በሚያልፈው በስካይላይን መንገድ ቁልቁል ስንወርድ፣ አራቱም የከበሮ ፍሬኖቿ ግለው ለገሙብኝና በማርሽ ብቻ ይዤ አወረድኳት፤ እናትሽ ለሳምንት አላናገረችኝም። የፍቅር ቀጠሯችንም ሁልጊዜ ቤንዚን ቤንዚን ይሸት ነበር። ደግሞ ለአንቺ ስል እንደሸጥኳት የምትሰሚው ወሬ ግማሽ እውነት ነው፤ ሌላው ግማሽ፣ ዝገት ሻንሲዋን በልቶት ነበር።

ስለዚህ ልጄ፣ ያ ቀዩ ተሠርቶ ያለቀ ስለሆነ ለእኔ የተረፈ ሥራ የለውም። መግዛትሽ ካልቀረ ሞተሯ የማይነሳ፣ ካርቡራተሯ ተፈትቶ በካርቶን የተቀመጠ ማሊቡ ፈልጊልኝ። ምንጣፉን ገልጠሽ ወለሏን እይ፣ ሻንሲዋንም ከስር በመዶሻ እጀታ አንኳኪው፤ ከበሰበሰ ትተሻት ሂጂ። ለበዓል ስትመጪ ካንዴላዎቹን አብረን እንቀይራለን። ስምንተኛዋ ከኋላ ግድግዳው ሥር ተደብቃ ለእኔ ወፍራም ጣት ስለማትመች፣ እሷን የምታወጪው አንቺ ነሽ።

አባትሽ
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ