ያን ቀን ስልኩን አይቼ ነው ያላነሳሁት

ወንድሜ፣

መጀመሪያ ይቅርታ። ረጅሙን ይቅርታ ስንገናኝ እጨርሰዋለሁ፤ አሁን ቸኩያለሁ፣ ደግሞም የፈለግኩህ ለጉዳይ ነው። «ቄሱ ጉዳይ ሲኖረው ነው የሚያስታውሰኝ» ብለህ ሳቅ፣ ግድ የለም።

እሁድ የኛ አጥቢያና የእናንተ አጥቢያ አብረን ልንቀድስ ነው። ኑዌሩም አኙዋኩም፣ አንድ ጣሪያ ስር። ሽማግሌ ሳመላልስ ሦስት ወር ከረምኩ። እዚህ ጋምቤላ ኒውላንድ ሰፈር ያሉት የኛዎቹ ኑዌሮች «እነሱ ይምጡ»፣ እናንተ ጋ ያሉትም «እነሱ ይምጡ»። በመጨረሻ የአንግሊካኑ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት፣ ፍሬምናጦስ ኮሌጅ ግቢ ይሁን ተባለ፤ እዚያ ኦፖውም ማባኑም ዲንካውም ከኛ ልጆች ጋር ስለሚማር «የእነሱ ነው» የሚል የለም።

ስብከቱ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ሰላምታው ነው። ከመባው በፊት «የጌታ ሰላም ከሁላችሁ ጋር ይሁን» እላለሁ፣ ከዚያ ሰው ሁሉ ዞሮ አጠገቡ ያለውን ይጨብጣል። እኛ ጋ ይቺ ሰዓት ገበያ እንደሆነች ታውቃለህ፤ ሴቶቹ ከዳር እስከ ዳር ዞረው ካልጨበጡ አይቀመጡም። እሁድ ግን ማንም ባይነሳስ? እኔ መሠዊያው ጋ ተገትሬ፣ መተላለፊያው ባዶ ሆኖ።

እናትህም ይመጣሉ አሉ። ወርጄ ልጨብጣቸው ይገባል። እጃቸውን አውቀዋለሁ፤ ማንጎ ስንሰርቅ አንተን ትተው እኔን በጥፊ ያጮሉበት፣ ማታ ደግሞ ወፍራሙን የዓሣ ቁራጭ ወደ እኔ ገፋ የሚያደርጉበት እጅ ነው። ገበያ ላይ ሁለቴ አየኋቸው። ሁለቴም በሌላ መንገድ ዞርኩ። ይቺን ለማንም አልተናገርኩም።

ለምን እንደምሸሽ የምታውቀው አንተ ነህ። በ2008 ሚያዝያ፣ ከደቡብ ሱዳን ድንበር ተሻግረው የመጡት ታጣቂዎች የኛዎቹ አገር እነ ጂካዎ ገብተው ከ200 በላይ ሰው የገደሉ፣ ከ100 በላይ ሕፃናት ይዘው የሄዱ ጊዜ፣ ደወልክልኝ። ሦስቴ። ልታጽናናኝ እንደሆነ ገብቶኛል። ስልኩ እጄ ላይ ሲንቀጠቀጥ ስምህን አነበብኩና ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት። የጥር ወሩ የኑዌርና የአኙዋክ ግጭት ቁስል ገና አልደረቀም ነበር፤ «እነሱ» ስል አንተንም አብሬ ቆጠርኩህ። በማግስቱ ቀብር ላይ ስለ ይቅርታ ሰበክሁ፣ ጉድ በል! «የኒውላንዱ ቱቱ» እያልክ ትቀልድብኝ የለ? የደቡብ አፍሪካው ጳጳስ ቱቱ በፈረንጅ 1985 አገሩ ዱዱዛ ከተማ ላይ ሕዝብ መሃል ገብቶ በቁሙ ሊያቃጥሉት የያዙትን ሰው አውጥቷል። ያንተው ቱቱ ስልክ ማንሳት አቃተው።

«መባህን ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ» የሚለውን ከዚያ ወዲህ ስንቴ አንብቤ ስንቴ መባ እንደተቀበልኩ አትጠይቀኝ።

እና ጉዳዬ። ያቺን የሰላምታ ዓረፍተ ነገር በአኙዋክኛ በድምፅ ላክልኝ፣ ቀስ ብለህ። በጽሑፍ አለችኝ፤ ግን እናንተ ቤት መመላለስ ከተውኩ ወዲህ ምላሴ ዝጓል፣ ፊት የሚቀመጡት ልጆች እንዲስቁብኝ አልፈልግም። (እኔና አንተማ የምንጣላውም የምንታረቀውም በአማርኛ ነው።)

ሌላው... ለእናትህ ደውልላቸው። ምን እንደምትላቸው እንጃ። «ሊጨብጥዎት ይመጣል» በላቸው። ወይ ምንም አትበላቸው። አይ፣ ደውልላቸው።

ድምፁን እስከ ቅዳሜ። ኔትወርኩን ግን ታውቀዋለህ፤ ዓርብ ይሁን።